ከጭንጫው ላይ አልነቀል ያለው ተክል ማን ነው?

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጎጃም ናቸው። ሁሉም ዞረው ዞረው አንድ ወገን ላይ ያርፋሉ፤ የአተር ወገን ላይ። ገበያ የሚወጣውን አተር ማለታችን አይደለም። ማንም ሳይዘራው ጭንጫ ላይ በቅሎ፣ ማንም ሳያጠጣው ከዓመት ዓመት የሚቆየውን ነው። የደጀኑ አንባቢ ደብዳቤ ረዥም ስለነበር አሳጥረነዋል። መልሱ ግን ረዝሟል፣ ታገሡን።

ጥያቄ (ከደጀን)

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። መምህር ነኝ። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ሣር እንኳ እምቢ ባለበት ነጭ ጭንጫ ላይ አንድ ተክል አለ። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም። ቅጠሉ ጸጉራም ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። አበባው ሐምራዊ፣ ልክ የአተር አበባ። ፍሬውም የአተር እሸት ዓይነት ሆኖ ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው። መጋቢት ላይ ሁሉ ነገር ደርቆ እሱ አረንጓዴ ነው። ተማሪዎቼ በዶማ ሊነቅሉት ሞክረው ግንዱ ተቆረጠ እንጂ ሥሩ ንቅንቅ አላለም። አያቴን ብጠይቃቸው «ያይጥ አተር ነዋ!» አሉኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ሰናመኪ ነው ብለው ለሆድ ድርቀት አፍልተው ሊጠጡት ነው። የስልኬ አፕ ለሦስት ፎቶ ሦስት የተለያየ ስም ሰጠኝ። ማንን ልመን?

መልስ

ለጊዜው ማንንም። ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤትዎ ዘንድ ይሂዱና የጣዱትን ነገር ያስወርዷቸው። ይህ ሰናመኪ አይደለም።

ሰናመኪን ለመለየት አበባ መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም። ቅጠሉን ያንሱና ጫፉን ይዩ። የሰናመኪ ትንንሽ ቅጠሎች በዘንጉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዱና ጥንድ ሆነው ያልቃሉ። ጫፍ ላይ ብቻዋን የምትቀር የለችም። እርስዎ በላኩልን ፎቶ ግን በየዘንጉ ጫፍ አንዲት ቅጠል ለብቻዋ ቆማለች። ይህ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ግን ጎረቤትዎ ካልተረቱ ይጨምሩላቸው። የሰናመኪ አበባ ቢጫ ነው፣ አምስቱም የአበባ ቅጠሎች ተበልጥጠው ይታያሉ እንጂ የአተር አበባ ቅርጽ የለውም። ፍሬው ያለበት ቅርፊትም ሰፊ፣ ስስና ወረቀት የሚመስል ነው፣ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ተክል ቅርፊት ከዚያ እጅግ ይቀጥናል። ሰናመኪም ሆነ ይህ ተክል የአንድ ትልቅ ወገን ልጆች መሆናቸው እውነት ነው፤ ግን ዘመድ ስለሆነ አንዱን ባንዱ ቦታ አይጠጡትም።

አፑንም ብዙ አይውቀሱት። እሱ የሚያየው የአበባውን ቀለምና የቅጠሉን ቅርጽ ነው፤ በአተር ወገን ደግሞ አበባ አሳሳች ነው። ይህ ወገን በዓለም ላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ግራር የዚሁ ወገን ነው፣ ብርብራም፣ ቀንጠፋም፣ ማገጥም፣ ጓያም፣ ግብጦም። ሐምራዊ የአተር አበባ ያላቸውን ብቻ ልቁጠር ቢሉ ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ስም ከመጥራት በፊት ተክሉን መንካት፣ መቅደድና መፈልፈል ያስፈልጋል። ፎቶ አይቀደድም።

እስቲ ከሥር እንጀምር። የአተር ወገን መሆኑ ላይ ጥርጥር የለም። አበባው አምስት ቅጠሎች አሉት። አንዷ ከላይ ሰፋ ብላ ቆማለች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ ከታች ተጣብቀው ወንዴውንና ሴቴውን ክፍል ሸፍነዋል። ፍሬውም ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ የሚከፈት ቅርፊት ውስጥ በአንድ ረድፍ ተደርድሯል። አተር ፈልፍሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመለየት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ቋሚ ነው ወይስ በዓመቱ የሚሞት? ይህንንም ዶማው ነግሮዎታል፤ ግን በእርግጠኝነት ለማወቅ ከግንዱ ሥር ያለውን አፈር በጣትዎ ገለጥ ያድርጉት። የአምናው ደረቅ ጉቶ አጠገብ የዘንድሮ ቀንበጥ ከወጣ ቋሚ ነው። በዓመቱ የሚሞት ተክል ሥሩ ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ሲስቡት ይመጣል። ቋሚው ግን ከመሬት በታች እንጨት የሆነ ወፍራም ጉቶ አለው። በረሃው በበጋ ሲቃጠል፣ ፍየል ላዩን ሲግጠው፣ ከዚያው ጉቶ ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ተማሪዎችዎ የቆረጡትም ክረምት ሲገባ ሄደው ቢያዩት ከድሮው በዝቶ ይጠብቃቸዋል።

አሁን ለይቶ ማወቁ ላይ እንምጣ። ደብዳቤዎ እንደደረሰን ደውለን ጥቂት ነገር እንዲሞክሩልን ለምነንዎት ነበር። ሌሎችም እንዲሞክሩት ከነውጤቱ እንጻፈው።

መጀመሪያ ያስሞከርንዎት ቅጠል መቅደድ ነው። ከትንንሾቹ ቅጠሎች አንዷን ነጥለው ጫፏን በአንድ እጅ፣ ሥሯን በሌላው እጅ ይይዙና ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ይስባሉ። የብዙ ተክል ቅጠል እንዲህ ሲስቡት ዝም ብሎ ተቦጫጭቆ ይበጠሳል። የእርስዎ ግን «በመቀስ የቆረጡት ይመስል በሹሉ ተቀደደ፣ አንዱ ወገን ሾለ፣ ሌላው ወገን ጎደጎደ» ብለውናል። የቪ ቅርጽ ማለት ነው። ምክንያቱ ቅጠሉ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። ከመሀለኛው ጅማት ተነሥተው በሰያፍ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ በጣም ተቀራርበው ወደ ጠርዙ ይሄዳሉ። ቅጠሉ ሲሳብ በእነሱ መካከል ተከትሎ ይቀደዳል። ፀሐይ ላይ ቀና አድርገው ቢይዙት ጅማቶቹን በዓይንዎ ያዩአቸዋል።

ሁለተኛው የአበባው ጀርባ ነው። ከላይ የቆመችውን ሰፊዋን የአበባ ቅጠል ከኋላ በኩል እንዲያዩልን ጠይቀን «ጸጉር አለው፣ እንደ ሐር ይለሰልሳል» አሉን። ሦስተኛው ቅርፊቱ ነው። ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ፣ ብዙ ፍሬ የያዘ፣ ደርቆ ሲፈነዳ ሁለቱ ግማሾች የሚጠማዘዙ። የእርስዎ ይህንን ሁሉ ያሟላል።

እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ተክሉ ቴፍሮዚያ ነው። በዓለም ላይ 350 ያህል ዝርያዎች አሉት፣ ሞቃትና ደረቅ አገር ይወዳል፣ አፍሪካ ደግሞ ዋና ቤቱ ነው። ከዝርያዎቹ የትኛው ነው ለማለት አበባም የበሰለ ቅርፊትም ያለበት ናሙና ያስፈልጋል። የጸጉሩ ርዝመት፣ የቅጠሎቹ ቁጥር፣ በቅጠሉ ዘንግ ሥር ያሉት ትንንሽ ጆሮዎች፣ የዘሩ ቅርጽ ሁሉ ይታያል። ከፎቶ ላይ የዝርያ ስም የሚሰጥዎት ሰው ካለ አመስግነው ይለፉት።

ከቴፍሮዚያ ጋር የሚምታታው ዋናው ተክል ኢንዲጎፌራ ነው፣ አፕዎ ከሰጥዎት ስሞች አንዱም እሱ ነበር። እሱም ጫፍ ላይ ብቻዋን የቆመች ቅጠል አለው፣ እሱም ጭንጫ ይወዳል፣ እሱም ብርማ ጸጉር ይለብሳል። ለመለየት አጉሊ መነጽር ያዋጣል። የኢንዲጎፌራ ጸጉር በጫፉ ሳይሆን በመሀሉ ነው ከቅጠሉ ጋር የተያያዘው። ስለዚህ እያንዳንዷ ጸጉር ግራና ቀኝ ክንድ ዘርግታ ቅጠሉ ላይ ተኝታ ትታያለች፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ቅርፊቱም ብዙ ጊዜ ድቡልቡል ነው እንጂ ጠፍጣፋ አይደለም። ከኢንዲጎፌራ ዝርያዎች አንዱ፣ ኢንዲጎፌራ አሬክታ የሚባለው፣ አገራችን ውስጥ የሚበቅል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ አፍሪካዋ ናታል ወደ ጃቫ ተወስዶ ለሰማያዊ የጨርቅ ቀለም በሰፊው ለምቷል። እኛ አገር ፍየል ትግጠዋለች።

ለምን እዚያ ጭንጫ ላይ? ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። የዓባይ ድልድይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመኪና ሲወርዱ ልብ ብለው ከሆነ፣ ላይኛው ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ሲያልቅ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሸክላማው፣ ከታች ደግሞ አሸዋማው ድንጋይ። እርስዎ ነጭ ጭንጫ ያሉት የኖራውን ክፍል ይመስለናል። አፈሩ ስስ ነው፣ ውኃ አይዝም፣ ናይትሮጅንም የለውም ማለት ይቻላል። ሣሩን የሚያሸንፈው ይኸው ነው። የአተር ወገን ግን ናይትሮጅንን ራሱ ያስመጣል። ሥሩ ላይ በሚያድሩ ራይዞቢየም በሚባሉ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ከአየሩ ይወስዳል። ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ አንድ ችግኝ በጥንቃቄ ቆፍረው ቢያወጡ ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ያያሉ። አንዱን በጥፍርዎ ቢሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው፤ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ አቁሟል። በበጋ ከፈለጉት ግን ላያገኙት ይችላሉ፤ አፈሩ ሲደርቅ እብጠቶቹ ይረግፋሉ። ለተማሪዎችዎ ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ የለም፤ ችግኙ ትንሽ ይሁን እንጂ፣ ትልቁን አውቀነዋል አይነቀልም።

አያትዎ ያሉትን ደግሞ አይናቁት። «ያይጥ አተር» ጎጃም ውስጥ ከአንድ በላይ ለሆነ ተክል ሲጠሩበት ይሰማል፣ ስለዚህ በሱ ዝርያ አይለዩም። ወገኑን ግን ልክ ነው ያገኙት። ከአፑ ይልቅ እሳቸው ቀርበዋል።

መጠጣቱን ግን አደራ። ብዙ የቴፍሮዚያ ዝርያዎች ሮቴኖንና መሰሎቹን ይይዛሉ፣ እነሱ ደግሞ ዓሣም ነፍሳትም የሚገድሉ ናቸው። ልጆች ፍሬውን አተር መስሏቸው እንዳይቆረጥሙት ይንገሯቸው። የአተር ወገን ስለሆነ ይበላል ማለት አይደለም። ግብጦን እንኳ የሚበላው ጎጃሜ ቆልቶ፣ ለቀናት ውኃ ውስጥ አቆይቶ፣ መራራውን አስወጥቶ ነው። ጓያም በችግር ጊዜ ለወራት ብቻውን ሲበላ እግር ይይዛል፤ ይህን ደምቢያና ፎገራ ያየ ያውቀዋል።

ጥያቄ (ከቻግኒ)

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ፈረስ አለኝ፣ ነፍሴ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የተራቆተ ቦታ ላይ አንድ ቢጫ አበባ ያለው ተክል በዝቷል። አበባው ላይ ቀይ ቀይ መስመር አለበት። ፍሬው ያበጠ ነው፣ ሲደርቅ ስትነቀንቀው ይንሿሿል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ሣር ሲጠፋ ፈረሴ ይቀምሰዋል። ጥሩ መኖ ነው የሚሉኝ አሉ፣ የአተር ዘር ነው ብለው። ልተወው?

መልስ

አይተዉት፣ ያርቁት! ያበጠ ቅርፊት፣ ውስጡ የሚንሿሿ ዘር፣ ቀይ መስመር ያለበት ቢጫ የአተር አበባ፣ ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ክሮታላሪያን ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከአበባው በታች በኩል ያሉትን ሁለቱን የተጣበቁ የአበባ ቅጠሎች ይዩ፤ ጫፋቸው እንደ ምንቃር ሾሎ ወደ ላይ ይታጠፋል።

ከ600 በላይ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ ናቸው። ሁሉም እኩል መርዛም አይደሉም፣ እንዲያውም ለአፈር ማዳበሪያ ተብሎ የሚዘራ አለ። ብዙዎቹ ግን ጉበትን የሚጎዳ አልካሎይድ የሚባል መርዝ አላቸው፣ ከሁሉም ይልቅ ዘሩ ላይ። የሚያስከፋው አንድ ቀን በልቶ በማግስቱ አለመውደቁ ነው። ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ፈረሱ ይከሳል፣ ይደክማል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ እየዞረ ይሄዳል፣ ግድግዳ ላይ ራሱን ይገፋል። ያኔ ጉበቱ አልቋል፣ መድኃኒትም የለውም። ከከብት ይልቅ ፈረስ ይበልጥ ይጎዳል። አገው ምድር ውስጥ ፈረስ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አንነግርዎትም።

ሰውም አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሕንድ ውስጥ ሳርጉጃ በሚባል አካባቢ ሰዎች የክሮታላሪያ ዘር የተቀላቀለበት እህል በልተው በጉበት በሽታ ተጠቅተዋል፣ ብዙዎችም ሞተዋል። ስለዚህ ተክሉ እርሻዎ ጠርዝ ላይ ካለ ፍሬ ከመያዙ በፊት ይንቀሉት። አውድማ ላይ ካዩት ደግሞ እህሉን ሳያበጥሩና ሳይለቅሙ ወደ ወፍጮ አይላኩት።

ልጆቹ ቅርፊቱን ያንሿሹት፣ ግድ የለም። አፋቸው ውስጥ ብቻ አይግባ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)

ሰላም ነው? ባለፈው እትማችሁ ከአተር ወገን ዓሣ የሚያሰክር አለ ብላችሁ ነበር። እኛ ጋር ጓደኞቼ በብርብራ ነው የሚያጠምዱት። ያኛው የበረሃው ተክል ከብርብራ ይበልጣል ወይ? ምን ያህል ይደረጋል?

መልስ

ወንድሜ፣ መጠኑን አንነግርህም፣ አትቀየመን።

ነገሩን ግን እንንገርህ። ብርብራ የአገራችን ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፣ ሌላ ቦታ በተፈጥሮ አይበቅልም። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው አየር አጥቶ ይንሳፈፋል። በዘሩ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ነው። ሮቴኖን ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው። ቴፍሮዚያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፣ ስለዚህ የማበላለጡ ነገር ትርጉም የለውም።

ችግሩ መረብ የማይዘውን ነው የሚገድለው። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የባርበስ ዓሦች አሉ፣ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ጉማራን፣ ርብንና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞችን ሽቅብ ወጥተው ነው የሚወልዱት። ብርብራ የሚጨመረውም በዚያው ወቅትና በእነዚያው ወንዞች ነው። እንግዲህ አስበው፤ አንተ ሦስት ትልልቅ ዓሣ ትለቅማለህ፣ ከታች ደግሞ የሚመጣው ዓመት ዓሣ ሁሉ እንቁላሉም ጫጩቱም ያልቃል። ጓደኞችህ በኋላ «ዓሣ ጠፋ» ብለው ሲያማርሩ ትሰማቸዋለህ፤ አሁንም ሳትሰማ አትቀርም። መረቡን ያዝ።

ጥያቄ (ከደምበጫ)

ውድ አዘጋጅ፣ ማሳችን ጫፍ ላይ ቦረቦር እየሰፋ መሬታችንን እየበላው ነው። ከበታቹ በቆላው በኩል የማይሞት፣ ብር የመሰለ ቅጠል ያለው የዱር ተክል አለ፣ ቅድም ያላችሁት ዓይነት ይመስለኛል። አባቴ «ነቅለን ብናመጣውና ብንተክለው» ይላል። ይሆናል?

መልስ

የአባትሽ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ መንገዱ ግን አይደለም። ይህ ተክል ነቅለው አይተክሉትም። ዋናው ሥሩ ሲቆረጥ አዲሱ ቦታ ላይ የሚይዝበት ዕድል ትንሽ ነው፤ ከበታች ያለውን ተዳፋትም ያለ ምክንያት ታራቁቱታላችሁ። ዘሩን ልቀሙ። ቅርፊቱ ቡናማ ሆኖ ገና ሳይፈነዳ፣ ጠዋት ጤዛ ላይ ነው መልቀም ያለባችሁ። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ፊታችሁ ላይ እየፈነዳ ዘሩን ይበትነዋል።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚሰለቸው ነገር ይመጣል። ዘሩን ትዘሩታላችሁ፣ አይበቅልም። «ዘሩ ባዶ ነው» ትላላችሁ። ባዶ አይደለም፤ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። የዱር አተር ወገን አብዛኛው እንዲህ ነው፣ ሁሉም ዘር በአንድ ዝናብ ተታሎ አይበቅልም፣ ግማሹ ለከርሞ ይቆያል። መፍትሔው ቆዳውን መጫር ነው። ዘሩን በሁለት ብርጭቆ ወረቀት መሀል አድርጋችሁ እሹት፣ ማንጸባረቁን እስኪተው ድረስ ብቻ። ብርጭቆ ወረቀት ከሌለ ፈልቶ ትንሽ የቀዘቀዘ ውኃ አፍስሱበትና አሳድሩት። ጠዋት አብጦ የተገኘው ለመዘራት ደርሷል። ያላበጠውን መልሳችሁ ሞክሩት።

የምትዘሩት ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ ነው። ቦረቦሩ ውስጥ ሳይሆን ከጠርዙ ከፍ ብሎ፣ እርከኑ ላይ። የመጀመሪያው ዓመት ላዩ ትንሽ ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሥሩን እየሰደደ ነው። ከብት ግን እንዳይገባበት አጥር አድርጉ። እውነቱን ለመናገር ቦረቦሩ ጥልቅ ከሆነ ተክል ብቻውን አያቆመውም። መጀመሪያ በድንጋይ ክትር ጎርፉን አብርዱ፣ ከዚያ ትክሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ደቡብና ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ገበሬዎች ትልቁን የቴፍሮዚያ ዝርያ፣ ቮጌሊ የሚባለውን፣ የደከመ መሬት ላይ ዘርተው ያሳርፉበታል። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ቆርጠው ቅጠሉን አፈር ውስጥ ይቀብሩና በቆሎ ይዘሩበታል። እኛ አገርም ፋግታ ለኮማ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ በሚባለው ግራር የሚያደርጉት ከዚህ አይርቅም፣ የእነሱ ዋና ጉዳይ ከሰሉ ቢሆንም። ዲከረንስ ደጋ ነው የሚወደው፣ ለቆላችሁ አይሆንም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ)

የእናንተን ዓምድ አንብቤ አንዱን የዱር አተር ግቢያችን ውስጥ ዘርቼ በቅሎልኛል። ግን ቀትር ላይ ቅጠሎቹ ሁሉ ተጣጥፈው ይቆማሉ። ሊሞት ነው?

መልስ

አይ፣ ፀሐይ እየሸሸ ነው። በየቅጠሏ ሥር ትንሽ ያበጠች መታጠፊያ አለች። ውኃ ስትሞላ ቅጠሏ ትዘረጋለች፣ ውኃው ሲወጣ ትታጠፋለች። ቀትር ላይ ጠርዟን ወደ ፀሐይ አዙራ ስትቆም የሚመታት ሙቀት ይቀንሳል፣ የምታጣው ውኃም ያንሳል። ወደ ማታ ሂድና እያት፣ ተዘርግታ ታገኛታለህ፤ ሲጨልም ደግሞ እንደገና ትተኛለች። ውኃ አታብዛባት። የበረሃ ተክል የሚሞተው ግቢ ውስጥ ከመጠን በላይ ሲጠጣ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)

እኔም የማላውቀው ተክል አለኝ። ናሙናውን እንዴት ልላክ? ደግሞስ ለማን?

መልስ

ይህን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀን ዘርዘር እናድርገው። አንድ ቅርንጫፍ አበባም ፍሬም ያለበት ይቁረጡ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተገኙ ዛሬ አበባውን፣ በኋላ ከዚያው ተክል ፍሬውን። የአተር ወገን ያለ ቅርፊት አይታወቅም፣ ይህን ይያዙልን። ተክሉ ትንሽ ከሆነ ከነሥሩ፣ ትልቅ ከሆነ የሥሩን አናት ፎቶ ያንሡ። በጋዜጣ መሀል ዘርግተው፣ አንዲት ቅጠል ጀርባዋ እንዲታይ ገልብጠው፣ ከላይ ከባድ ነገር ይጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ይቀይሩ፣ ካልቀየሩ ይሻግታል። በፕላስቲክ ከረጢት የሚልኩልን አሉ፣ የሚደርሰን ገንፎ ነው።

ከናሙናው ጋር ወረቀት ይኑር። ቦታውን፣ ከፍታውን (ስልክዎ ይነግርዎታል)፣ ቀኑን፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የአበባውን ቀለም ይጻፉ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋል። ከብት ይብላው አይብላው፣ የአካባቢው ሰው ምን ይለዋል፣ እሱንም። «ከጎጃም» ብቻ ብለው የሚልኩ አሉ፤ ጎጃም ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ተራራ ነው፣ እንዴት አድርገን እንለየው?

ለእኛ ፎቶ መላክ ይችላሉ። የደረቀውን ናሙና ግን ቅርብ ወዳለዎት ዩኒቨርሲቲ፣ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም፣ የባዮሎጂ ክፍል ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። መጨረሻው ቦታ አዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሀርባሪየም ነው። እዚያ የእርስዎን ቅርንጫፍ በስማቸው ከተለዩ ደረቅ ናሙናዎች ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩታል። የአተር ወገንን የያዘው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት ሦስተኛው ቅጽም እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሟል፣ መለያ ቁልፉ እዚያ ውስጥ አለ። የደጀኑ መምህር ጥር ላይ ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ ይዘው ወደ ማርቆስ እንደሚወጡ ነግረውናል። የዝርያው ስም እንደተለየ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።